ቀልቤ ጠፍቶብኛል፤ ላገኘልኝ ወሮታውን እከፍላለሁ!



በጋዜጦቻችን የጀርባ ገጾች ላይ «መንጃ ፈቃዴ፣ የትምህርት ማስረጃዬ፣ የቤት ካርታዬ ስለጠፋብኝ ላገኘልኝ ወሮታውን እከፍላለሁ» የሚል ማስታወቂያ ሳታዩ አትቀሩም። እኔም ዛሬ እንዲያ ያለ ማስታወቂያ ላወጣ ነው የመጣሁት። የጠፋብኝ ግን የቤት ካርታ አይደለም (ቤቱ ከየት መጥቶ!)። የጠፋብኝ ቀልቤ ነው። መቼ ጠፋ ብትሉኝ፣ እንደ እናቴ አባባል ገና ዳዴ ስል ነው። የት ጠፋ ብትሉኝ ደግሞ በየቦታው ነው። ጥቂቱ ታክሲ ውስጥ፣ ጥቂቱ ክፍል ውስጥ፣ የቀረው ወረዳ ጽሕፈት ቤት ወረፋ ላይ።

ይህን ጽሑፍ ለዝግጅት ክፍሉ ማስረከብ የነበረብኝ ሰኞ ጠዋት ነው። የምጽፈው ግን ረቡዕ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። አዘጋጁ ስንት ጊዜ እንደደወለልኝ እሱና ስልኬ ያውቃሉ። ሰኞ ምን ነካኝ? ኧረ ምንም አልነካኝም፤ በጠዋት ተነስቼ ተቀምጬ ነበር። የመጀመሪያውን አንቀጽ ሳልጨርስ አንድ ዓመተ ምሕረት ላረጋግጥ ብዬ አሮጌ ጋዜጦች መሀል ገባሁ። ስወጣ መሽቷል። ዓመተ ምሕረቱን አላገኘሁትም። ስለ የካቲት 1966ቱ የባለታክሲዎች አድማ ግን አሁን ብትጠይቁኝ ሦስት ገጽ እጽፍላችኋለሁ።

ሳቁ፤ ግድ የለም። እኔም ለብዙ ዓመት ስቄበታለሁ። መሳቅ ያቆምኩት እናቴ የወደቀች ቀን ነው።

እናቴ የደም ግፊት አለባት። ኪኒኗ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው የሐኪሙን ማዘዣ ሰጠችኝ። «እንዳትረሳ የኔ ልጅ» አለችኝ። «እንዴት እረሳለሁ!» ብዬ ሸሚዝ ኪሴ ከተትኩት። ወደ መድኃኒት ቤት ስሄድ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጥ ልጅ ዘንድ ለአንድ ደቂቃ ቆምኩ። እዚያው አንድ የድሮ ወዳጄን አገኘሁ። ወሬው ወደ ምርጫ ሄደ፤ ክርክር ያዝን፤ ቡና ተባለ። ክርክሩ ጥሩ ጽሑፍ ይወጣዋል ብዬ ወደ ቤቴ ሮጥኩ። በማግስቱ ማዘዣው ትዝ ሲለኝ ስብሰባ ላይ ነኝ፤ ከስብሰባው ስወጣ አብሮ ወጥቶ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ሸሚዙ ታጠበ። እሷ ደግሞ «ልጄ ሥራ በዝቶበት ነው፤ ባልጨቀጭቀው ይሻላል» ብላ ዝም አለች። በስድስተኛው ቀን ጓዳ ውስጥ ወደቀች።

ተረፈች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ታላቅ እህቴ የተናገረችኝ ነገር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። «ለጋዜጣ ሦስት ገጽ የምትጽፍ ሰው ለእናትህ አንድ ፓኮ ኪኒን መግዛት እንዴት ያቅትሃል? በቃ አትወዳትም ማለት ነው!» ምን ብዬ ልመልስ? እወዳታለሁ። ስለምወዳት ነው ማዘዣውን ልብሴ ውስጥ ልቤ አጠገብ የከተትኩት። ግን በ30ዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው «ረሳሁት» ሲል ማን ያምነዋል? እኔ ራሴም ራሴን አላመንኩትም። ያን ሌሊት ግድግዳ ተደግፌ «ምን ዓይነት ክፉ ሰው ነኝ?» ስል አደርኩ።

እስቲ ልብ በሉ፤ ሀገራችን ለእኔ ቢጤው ስንት ስም አላት! ቀልበ ቢስ፣ ዝርክርክ፣ ቀዥቃዣ፣ ችኩል፣ ግድ የለሽ፣ ሰነፍ፣ ወፈፍ ያደርገዋል... ስሙ ሞልቶ ተርፏል። ስም ሲበዛ ምርመራ ያነሰ ይመስለኛል። አንድን ሰው «ሰነፍ» ካልነው በኋላ ወደ ሐኪም አንወስደውም፤ ወደ ጥጋት ነው የምንገፋው።

እኔም ሐኪም ጋ የደረስኩት በአጋጣሚ ነው። ስለ ጫት የምጽፈው ነገር ነበረኝና አንድ የአእምሮ ሐኪም ለማነጋገር ቀጠሮ ያዝኩ። ሄድኩ። «ቀጠሮዎ እኮ ትናንት ነበር» አሉኝ። ይቅርታ ጠይቄ ገባሁ። ማስታወሻ ደብተሬን ቤት ረስቼዋለሁ፤ ብዕር ከጸሐፊያቸው ተበደርኩ፤ በአንድ የመድኃኒት ማስታወቂያ ወረቀት ጀርባ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ አራት ጊዜ ሳይጨርሱ አቋረጥኳቸው። እግሬ ጠረጴዛው ስር እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይርገበገባል። በመጨረሻ መነጽራቸውን አወለቁና «አሁን ደግሞ ተራው የእኔ ነው፤ ትንሽ ልጠይቅዎት» አሉ። የጀመሩትን ሥራ መጨረሻው ላይ ይተዉታል? ቀጠሮና ግዴታ ይረሳሉ? ብዙ ማሰብ የሚፈልገውን ነገር ነገ ዛሬ ይሉታል? ረጅም ሰዓት ሲቀመጡ ይቁነጠነጣሉ? እየመለስኩ ሳለሁ አንገቴ ላይ አንድ ነገር ተናነቀኝ። ሰውየው የሚያነቡት የእኔን የሕይወት ታሪክ ነበር።

ነገሩ በእንግሊዝኛው ምሕጻር ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. ይባላል። በአማርኛ የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ሕመም ልንለው እንችላለን። ስሙ ግን ትንሽ ያሳስታል። ትኩረት የለንም ማለት አይደለም። የወደድነው ነገር ከሆነ ሳንበላ ሳንጠጣ ስምንት ሰዓት እንቀመጣለን (የ1966ቱ ታክሲ አድማ ምስክሬ ነው)። አሰልቺውን ግን፣ የቱንም ያህል አስፈላጊ ቢሆን፣ አምስት ደቂቃ መያዝ ያቅተናል። በሬው ጉልበት አለው፤ የጠፋው እርፉን የሚይዘው ገበሬ ነው። ሐኪሞቹ እንደሚሉት ይህ እርፍ ያዥ የሚገኘው በአእምሮ የፊት ክፍልና ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር በሚሠራባቸው መስመሮች ላይ ነው። ማቀድ፣ መጀመር፣ ራስን መግታት፣ ጊዜን መገመት፣ የያዙትን በሐሳብ ይዞ መቆየት የእሱ ሥራ ነው። እሱ ሲያንቀላፋ በሬው ወደ ፈለገው ማሳ ይገባል።

«ኡፍ፣ ይሄ ደግሞ አዲስ የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። አዲስስ አይደለም። አሌክሳንደር ክራይተን የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1798 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ትኩረታቸው ስለማይረጋ ሰዎች ጽፏል። እዚህ ከዐፄ ቴዎድሮስ መወለድ በፊት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ጆርጅ ስቲል የተባለ እንግሊዛዊ የሕፃናት ሐኪም ራሳቸውን መግዛት ስለማይችሉ ልጆች ለንደን ላይ ትምህርታዊ ንግግር አደረገ። በ1937 ደግሞ ቻርልስ ብራድሊ የተባለ አሜሪካዊ አነቃቂ መድኃኒት ቢሰጣቸው ይበልጥ ይቀብጣሉ የተባሉ ልጆች ጭራሽ ረግተው ሲማሩ አየ። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መዝገብ ላይ ስሙ በ1968፣ በ1980 እና በ1987 ተለዋውጧል። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የልጅ ነገር ነው፣ ሲያድጉ ይለቃል ይባል ነበር። ብዙዎችን ግን አይለቅም። በ2013 የወጣው የዚያው መዝገብ አምስተኛ እትም ለጎልማሶች የሚሆን መለኪያ አስቀምጧል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባው ውስጥ አስገብቶታል።

«ታዲያ በዚህ ኑሮ ቀልቡ ያልጠፋ ማን አለ? ሁላችንም አለብና!» ትሉኝ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የጤፍ ዋጋ፣ የቤት ኪራይና ከክፍለ ሀገር የሚመጣው ወሬ ማንንም ቀልብ ያሳጣል። እንቅልፍ ማጣት፣ ድብርት፣ የእንቅርት ዕጢ ሕመምም እንዲሁ ያደርጋሉ። ስለዚህ ነው ሐኪሙ በአንድ ጥያቄ ወረቀት የማይፈርዱት። ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መጀመር አለባቸው። በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን በቤትም፣ በትምህርት ቤትም፣ በሥራም መታየት አለባቸው። ኑሮንም ማበላሸት አለባቸው። ኑሮ ያመጣው መርሳት ኑሮ ሲቀል ይቀላል። የእኛው ግን ደመወዝ ሲጨመርም አብሮን አለ። በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ሲጠቃለሉ ከ100 ጎልማሶች 2 ወይም 3 ያህሉ ላይ ይገኛል። በ60 ሚሊዮን ጎልማሳ ብናሰላው ወደ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ ነው። ይህ የእኔ ስሌት እንጂ ቆጠራ አይደለም። ግማሹ እንኳ እውነት ቢሆን አንድ ትልቅ ከተማ ነው።

ሐኪሙ የልጅነቴን የሚያውቅ ሰው ይዤ እንድመጣ ነገሩኝ። ከእናቴ በቀር ማን አለኝ? ካገገመች በኋላ ነጠላዋን አደግድጋ አብራኝ መጣች። ገና ከመቀመጧ «ዶክተር፣ ልጄን እብድ ልትሉብኝ ነው?» አለች። «የለም እናቴ፣ ስለ ልጅነቱ ልጠይቅዎት ነው» አሏት። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማት! ጨው ግዛ ተብዬ ተልኬ ያለ ጨውም ያለ ሳንቲምም የተመለስኩበትን፣ ጨው የረሳሁትም የጥምቀት ታቦት ተከትዬ እንደነበር፣ በአንድ ዓመት አራት ጃኬት መጣሌን፣ አስተማሪው ጠጠር ላይ አንበርክኮኝ ጉልበቴ መቁሰሉን፣ የሰርተፊኬቴ ጀርባ ላይ በየሴሚስተሩ «አእምሮው ብሩህ ነው፤ ነገር ግን አያዳምጥም» ተብሎ መጻፉን ሁሉ ዘረገፈችው። ሐኪሙ እየጻፉ ሳለ ድንገት ዝም አለች። የነጠላዋን ጥለት እየጠቀለለች ቆየችና በቀስታ «ዶክተር፣ ይሄ ነገር ወላጅ ላይም ይኖራል?» ብላ ጠየቀች።

ይኖራል። መንታዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት በሰው እና በሰው መካከል ካለው ልዩነት ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው በዘር የሚመጣ ነው። ሴቶች ላይ ደግሞ ይደበቃል። ወንዱ ልጅ ወንበር ላይ ሲዘል ይታያል፤ ሴቷ ግን በመስኮት እያየች በሐሳብ ስትሄድ «ጨዋ ልጅ» ተብላ ትታለፋለች። እናቴ ወጥ ጥዳ ጎረቤት ለቅሶ ደርሳ የምትመለስ፣ እንጀራ እየጋገረች ጥጥ የምትፈትል፣ ሁለቱንም የምታሳርር ሴት ነበረች። አባቴ ነፍሱን ይማርና «ቀልብ ያልፈጠረባት» ይላት ነበር። ከክሊኒኩ ወጥተን ታክሲ ስንጠብቅ «እኔ እኮ ስድሳ ዓመት ሙሉ ራሴን ስሰድብ ኖርኩ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ስለ እናቴ ኪኒን እህቴ ተናግራኝ አታውቅም። አሁን ኪኒኗን የሚያስታውሰን እናትና ልጅን ባንድነት የሚጠይቅ የስልክ ደወል ነው።

ወደ ሥራው ዓለም ልውሰዳችሁ። በዲፕሎማ ከኮሌጅ ወጥቼ አንድ መሥሪያ ቤት በቋሚነት ተቀጥሬ ነበር። የተባረርኩት በጽሑፌ እንዳይመስላችሁ፤ ጽሑፌን ይወዱት ነበር። የተባረርኩት ውሎ አበል ባለማወራረድ ነው! ክፍለ ሀገር ወጥቼ እመለሳለሁ፤ ዘገባው በማግስቱ ይወጣል። የአልጋው ደረሰኝ፣ የአውቶቡሱ ቲኬት፣ የነዳጁ ወረቀት ግን የት እንደገቡ ፈጣሪ ይወቅ። ሂሳብ ክፍል ያሉት ሴትዮ «አንተ ልጅ፣ ገንዘብ በልተሃል ሊሉህ ነው» ብለው አስጠነቀቁኝ። አልበላሁም። ሁለት ወር ከደመወዜ ተቆረጠ፤ ማስጠንቀቂያ ተጻፈ፤ ሁለተኛ ተጻፈ። ሦስተኛውን ደብዳቤ የት እንዳስቀመጥኩት ረስቼዋለሁ። እንግዲህ «ፍሪላንስ ጋዜጠኛ» ሲባል በዓይናችሁ የሚታያችሁ ነፃነቱ ከሆነ፣ እኔን ነፃ ያወጣኝ ደረሰኝ ነው።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቱንማ ተዉት። አንድ ቀጠሮ መያዝ የሚያቅተውን ሰው በሰባት ቀጠሮ ይገድሉታል። መታወቂያ ለማደስ ሄድኩ። ፎቶ አምጣ። አመጣሁ። ኮፒ ጎደለ። ኮፒ አመጣሁ። «ሲስተም የለም፤ ነገ ተመለስ።» በነገው ፎቶው ጠፋኝ። በዚያ ወረፋ ላይ ሁሉም ሰው ይማረራል፤ ልዩነቱ ሌላው ሰው በአምስተኛው ቀን ይጨርሳል፤ እኔ በአምስተኛው ቀን እንደ አዲስ እጀምራለሁ። በነገራችን ላይ አዋጅ አለን። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የደነገገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአእምሮ ጉዳትንም ይጠቅሳል፤ አሠሪም ለሠራተኛው የሚመች ሁኔታ እንዲያመቻች ያዛል። አዋጁ ጥሩ ነው። ችግሩ እሱም እንደ እኔ ደረሰኝ የት እንደተቀመጠ የሚያውቅ አለቃ አለመኖሩ ነው።

አሁን ወደ ጫቱ እንምጣ፤ ሐኪሙ ጋ የወሰደኝም እሱ ነውና። የጋዜጠኛ ሠፈር ያለ በርጫ እንደማይሠራ የምታውቁ ታውቃላችሁ። እኔም ለዓመታት ቅሜያለሁ። ጓደኞቼ ሲመረቅኑ ወሬ ይበዛባቸዋል። እኔ ግን እረጋለሁ፤ ጭር ይልልኛል፤ ወረቀቱና እኔ ብቻ እንቀራለን። ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። እ.ኤ.አ. በ1975 ከለጋ የጫት ቅጠል ተለይቶ የወጣው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖኑ ስለሚደክም ነው ቃሚው ትኩሱን የሚያሳድደው። አምፌታሚን ደግሞ በብዙ አገር ለዚህ ሕመም በሐኪም ትዕዛዝ፣ በሚሊግራም ተለክቶ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ስለዚህ ሳላውቀው በመንገድ ዳር፣ ያለ ሐኪም፣ ያለ ልክ ራሴን ሳክም ኖሬአለሁ ማለት ነው።

ይህን ያልኩት ጫትን ለማመስገን አይደለም። የጫት ትኩረት በአራጣ የተበደሩት ገንዘብ ነው። ለአንድ ሌሊት ያስጽፍና ሁለት ቀን ያስከፍላል። እንቅልፍ ይነሳል፤ እንቅልፍ ለማምጣት ጨብሲ ይመጣል፤ ከጨብሲ በኋላ ዱካኩ ይከተላል፤ በማግስቱ ቀልብ ከበፊቱ ብሶ ይጠፋል፤ ያንን ለመመለስ እንደገና በርጫ። በዚህ መንገድ የሄዱ ጎበዝ ጎበዝ ጸሐፊ ጓደኞች ነበሩኝ፤ ስማቸውን አልጠራም። «ሱሰኛ» ብለን ቀበርናቸው። ስንቱ ሱሰኛ፣ ስንቱ ሳይታወቅ የኖረ ሕመምተኛ እንደነበር ማን መረመረ?

ምጸቱ እዚህ ላይ ነው። ሐኪሙ ሜቲልፌኒዴት የተባለ መድኃኒት ጻፉልኝ። ሊአንድሮ ፓኒዞን የተባለ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1944 ስዊስ ውስጥ የሠራው ነው፤ «ሪታሊን» የሚለው የንግድ ስሙ ከሚስቱ የቁልምጫ ስም፣ ከሪታ የመጣ ነው። ማዘዣውን ይዤ (በዚህ ጊዜ እጄ ላይ በስክሪፕቶ ጽፌ!) ዘጠኝ መድኃኒት ቤት ዞርኩ። አንዱ «የለም» አለኝ፤ ሌላው «ስሙን ሰምቼው አላውቅም» አለኝ፤ ሦስተኛው እንደ ሌባ ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። አንዱማ ጠጋ ብሎ «ከውጭ የሚያስመጣ ልጅ አለ፤ ዋጋው ግን...» አለኝ። ዋጋው የሁለት ወር ኪራዬ ነው። ከዘጠነኛው መድኃኒት ቤት ስወጣ በሩ ላይ ምን ተደርድሮ ጠበቀኝ? ለጋ ጫት፣ በኮባ ተጠቅልሎ! እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው ዓለም አቀፉ ስምምነት ሜቲልፌኒዴትን በሁለተኛው ሠንጠረዥ፣ ካቲኖንን ደግሞ ይበልጥ በሚጠብቀው በአንደኛው ሠንጠረዥ ነው ያስቀመጣቸው። ቅጠሉን ግን ስምምነቱ አይነካውም፤ እኛ ሀገር ደግሞ ግብርና የውጭ ምንዛሪ የሚገኝበት ሸቀጥ ነው። መድኃኒቱ ጠፍቶ ቅጠሉ በሞላበት ሀገር ሰው የትኛውን ይመርጥ?

መድኃኒቱ ታምር ነው አልልም። የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፤ እንቅልፍ ይረብሻል፤ የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፤ ያለ ሐኪም ክትትል የሚነካ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት ሳይካያትሪ ላይ የወጣ፣ 133 ሙከራዎችን የፈተሸ ጥናት አነቃቂ መድኃኒቶቹ በአጭር ጊዜ ውስጥ ምልክቶቹን እንደሚቀንሱ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ሜቲልፌኒዴት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር እንዲገባ በ2019 እና በ2021 የቀረበለትን ጥያቄ ማስረጃው አላጠገበኝም ብሎ አልተቀበለም። እንግዲህ ክርክር አለ ማለት ነው። ይሁን! ክርክሩ ላይ የእኛም ሐኪሞች፣ የእኛም ሕመምተኞች ይሳተፉ ነው የምለው። አሁን ባለው ሁኔታ እኛ ጋ ክርክሩም የለም፤ መድኃኒቱም የለም።

ለነገሩ የአእምሮ ጤና በዚህች ሀገር መቼ ተራ ደርሶት ያውቃል? ለብዙ አሥርት ዓመታት ለመላ ሀገሪቱ አንድ አማኑኤል ብቻ ነበር፤ ስሙም መሳደቢያ ሆኖ ቀረ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን እዚሁ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ጤና ጥበቃ የመጀመሪያውን ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ያወጣው በ2005 ዓ.ም. ነው። በየጤና ጣቢያው ላለው ባለሙያ መመሪያ የሆነው የዓለም ጤና ድርጅት ጽሑፍ በ2016 እትሙ ይህን ሕመም የሚያነሳው በልጆችና በታዳጊዎች ምዕራፍ ነው። ጎልማሳው የለበትም። ማለትም ጠጠር ላይ ለተንበረከከው ልጅ ቢያንስ አንድ ገጽ አለ፤ ልጁ አድጎ የእናቱን ኪኒን ሲረሳ ግን ገጽ የለውም።

እግረ መንገዴን፣ ሐኪሙ እኔን የጠየቁኝን ይዤ መንግሥትን ብመረምረውስ ብዬ አሰብኩ። አንደኛ፣ የጀመሩትን አለመጨረስ። በ2003 የተጀመረው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ 10 አዳዲስ ስኳር ፋብሪካዎች ይቆማሉ ብሎን ነበር። የአምስት ዓመቱ ዕቅድ በ2007 ሲያልቅ አብዛኞቹ ፋብሪካዎች አላለቁም። የያዩ ማዳበሪያ ፋብሪካም መንገድ ላይ ቀረ። ሁለተኛ፣ አንዱን ጥሎ ወደ ሌላው መዝለል። በ2011 የእርቀ ሰላም ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ማን ከማን እንደታረቀ ሳንሰማ በ2014 የምክክር ኮሚሽን ታወጀ። ሦስተኛ፣ ሰው ሲናገር ማቋረጥ። ይህንን ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የተዘጉት ጋዜጦች ይመስክሩ።

ምርመራውን ግን እዚያው አቆምኩት። ለምን ብትሉ ለሕመምተኞቹ ስድብ ሆኖ ታየኝ። እኛ ስንረሳ እናፍራለን፤ ሌሊቱን ግድግዳ ተደግፈን እናድራለን፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። መንግሥት አፍሮም፣ ደብተር ይዞም አያውቅም። ስለዚህ ያለበት የእኛ ሕመም አይደለም፤ ሌላ ነው።

አሁን እንዴት እንደምኖር ልንገራችሁና ላብቃ። ቁልፌ በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል፤ ከሚስማሩ ውጭ ቦታ የለውም። ቀጠሮ ስልኬ ላይ ሁለት ጊዜ ይጮሃል፤ አንዱ ለመዘጋጃ፣ አንዱ ለመውጫ። የተነገረኝን እዚያው ፊት ለፊት እጽፋለሁ፤ «በቃ አስታውሰዋለሁ» የሚለውን ቃል ሐኪሙ ከልክለውኛል። ትልቁን ሥራ እቆራርጠዋለሁ፤ አንድ ጽሑፍ አይደለም የምጽፈው፣ አንድ አንቀጽ ነው። ጠዋት በእግሬ ረጅም መንገድ እሄዳለሁ፤ ያን ቀን እጄ ይረጋል። ጫቱን ትቻለሁ ብል ግማሽ ውሸት ይሆናል፤ ከወር አንዴ ይፈትነኛል። ጥሩ የሠራሁ ሳምንት አለ፤ ደግሞ እንደዚህኛው ሰኞ ረቡዕ የሚሆንበት ሳምንት አለ።

የምጠይቀውም ብዙ አይደለም። ጤና ጥበቃ ጎልማሳውን መመሪያው ውስጥ ያስገባ፤ የጤና ጣቢያ ባለሙያ ቢያንስ ጥያቄዎቹን ይወቅ፤ መድኃኒቱ በቁጥጥር፣ በመንግሥት ሆስፒታል በኩል ይግባ። አሠሪዎች፣ ሥራውን የሚሠራውን ሰው ደረሰኝ ስለጠፋው ከምታባርሩት ደረሰኙን ፎቶ አንስቶ እዚያው እንዲልክ ፍቀዱለት፤ ወጪው ዜሮ ነው። መምህራን፣ ጠጠሩን ጣሉና ልጁን ከመስኮቱ አንስታችሁ ፊት አስቀምጡት፤ ሰሌዳውን እንዲያጠፋ ላኩት፤ ይነሳ፣ ይንቀሳቀስ። ወላጆች፣ ልጃችሁን ቀልበ ቢስ ከማለታችሁ በፊት አንድ ቀን ሐኪም አሳዩት፤ ምናልባትም አብራችሁ ራሳችሁን ታዩ ይሆናል።

እናቴ ይህን ጽሑፍ ላንብብልሽ ስላት «ስሜን አትጥራ እንጂ የጓዳውን ነገር ጻፈው፤ የሚማርበት አይጠፋም» ብላ ፈቅዳልኛለች። ልጨርስ ስል ደግሞ ከጓዳ ተጣራች። «የኔ ልጅ፣ ወጡን አይተኸዋል?» እኔ ትጠብቀዋለች ብዬ፣ እሷ ይጠብቀዋል ብላ...

ሽታው እዚህ ድረስ መጥቷል። ቸር ያሰማን!